ወጪት ሰባሪ፤ የጌታ ልጅና የአገልጋይ ፍቅር በርስት አገር

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የጌታውን እንጀራ በልቶ ጌታውን የከዳ ሰው «ወጪት ሰባሪ» ይባላል። በቀድሞው ሥርዓት የጌታውን ሴት ልጅ የወደደ አሽከርም ከዚህ ስም አያመልጥም ነበር። አንዳች ነገር ሳይሰርቅ፣ በማንም ላይ ጦር ሳያነሣ፣ ስለ ወደደ ብቻ ከሃዲ የተባለው ለምንድን ነው? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመረምረው ይህንኑ ነው።

የተለመደው መልስ «የዘር ኩራት ነዋ!» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ግን አይበቃም። የመንዝ ሰው፣ የማማም ይሁን የላሎ ወይም የጌራ፣ ርስቱን የሚቆጥረው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር። ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ወራሽ ናት። ስለዚህ ልጅን መዳር መሬትን የሚነካ ጉዳይ ነበር፤ አማች የሆነው ሰው በሚስቱ ስም ከዳኛ ፊት ቆሞ ይሟገታል፤ ልጆቹም የአያታቸውን አጥንት ቆጥረው ድርሻ ይጠይቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገሩ የርስት ብቻ ከሆነ፣ ጌታው ራሱ ከገረዱ ሲወልድ ስለ ምን ዝም ይባላል? ከገረድ የተወለደውም ልጅ አባቱ ካመነለት ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበርና። መልሱ ይህ ይመስለኛል፤ ከገረድ የሚወልድ ጌታ አማት አያበጅም። የገረዲቱ አባት መጥቶ ከማዕዱ አይቀመጥም። ሴት ልጁን ለአሽከሩ የሰጠ እንደ ሆነ ግን፣ ትናንት እግሩን ያጥብ የነበረው ሰው ዛሬ «አማቼ» ይለዋል። በርስቱ ላይ የሥልጣን መገልበጥ ተጨመረበት ማለት ነው።

ሌላም አለ። በዚያ አገር ሰው ቤት የሚያድረው ሁሉ ባዕድ አልነበረም፤ መሬቱ የጠበበችበት ዘመድ ልጁን ከባለጸጋ ዘመዱ ዘንድ እረኛ አድርጎ ያስገባ ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ የጌታውን ልጅ ቢወድ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው የሥጋ ዝምድና ያግደዋል። ዝምድና የሌለው ባዕድ ቢሆን ደግሞ ርስቱ ያግደዋል። መንገዱ በሁለቱም በኩል የተዘጋ ነው። ከጌታው ቤት በክፉ ስም የተባረረውም ዋስ የሚሆነው ሰው ስለሚያጣ፣ ሌላ ቤት ገብቶ ማደር ይቸግረዋል፤ ያለው ምርጫ አገር ጥሎ መሄድ ነው።

ይህን ሁሉ ከማንም አጥልቀው ያሳዩን ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ. ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃም ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ርስትና አጥንት ቆጠራ ከዓባይ ወዲያም ወዲህም አንድ ስለ ሆነ የሸዋ ደገኛ ሲያነበው የራሱን ሰፈር ያገኝበታል። የማንኩሳው ድሀ ልጅ በዛብህ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ይወዳታል፤ በኋላም ነፍሱን ለማዳን ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። ብዙ አንባቢ ልብ የማይለው ግን የበዛብህን ወላጆች ጋብቻ ነው። አባቱ ቦጋለ በእናቱ በውድነሽ ቤት አገልጋይ ነበር፤ ሆኖም ተጋቡ፤ አገርም አልፈረሰ። በገበሬ ቤት የሆነው በፊታውራሪ ቤት እንዳይሆን የከለከለው ሃይማኖት አይደለም። ቦጋለን ለውድነሽ የሰጠ ሥርዓት ልጁን «ወጪት ሰባሪ» ማለቱ፣ ስድቡ የማዕረግ ጠባቂ እንጂ የምግባር መለኪያ አለመሆኑን ያጋልጣል።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። የጃፓኑ ደራሲ ቺካማትሱ በ1703 እ. ኤ. አ. ለአሻንጉሊት ቴአትር በጻፈው ተውኔት፣ ቶኩቤይ የሚባል የሱቅ ሠራተኛ ኦሃትሱ የተባለችውን ሴት ወዶ፣ ጌታው የመረጠለትን ልጅ አላገባም ይላል። ጌታው ከኦሳካ ከተማ እንዲወጣ ያዘዋል፤ ገንዘብ ያበደረው ወዳጁም ይክደዋል። ሁለቱ ፍቅረኞች በሶኔዛኪ ደን ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። ልዩነቱን እንመልከት፤ የጃፓኑ ጌታ ሊድርለት የፈለገው የገዛ ሚስቱን የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ነው። ሠራተኛውን በጋብቻ ሊያስረው ፈለገ እንጂ ከጋብቻ አላራቀውም። ሀብቱ ንግድ ስለ ሆነ ታማኝ አማች ይጠቅመዋል። የኛ ጌታ ሀብቱ መሬት ነው፤ እያንዳንዱ አማች አንድ ተከራካሪ ይጨምርበታል።

የርስት ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አማች በሚስቱ አያት ስም የሚሟገትበት መሬት የለም፤ «አጥንቱ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን በሽምግልና ጊዜ ገና ይሰማል።