መኪና ዝቅ ስትል ጎማዋ ምን ይሆናል?

አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤክስ የሚባለውን ቶዮታ ኮሮላ የማያውቅ ጥቂት ነው። ኮሮላ በሙሉ የኋላ ጎማን ብቻ በሚነዳ ሞተር የተሠራበት የመጨረሻው ትውልድ ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ዕድሜው ገፍቶም ወጣቶቻችን አልተዉትም። ቀለሙን ያድሱለታል፣ ሰፋ ያለ ቸርኬ ያስገቡለታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሞላውን አሳጥረው ዝቅ ያደርጉታል። ዝቅ ያለ ዲኤክስ ያምራል፤ ለዚህ ክርክር የለኝም። ሞላው ሲያጥር ግን ከቁመቱ ጋር ጎማው መሬት የሚረግጥበት ማዕዘንም ይለወጣል። የሚዘነጋው ይኼኛው ነው።

የዲኤክስ የፊት እግር የተሠራው በማክፈርሰን ስልት ነው። ስያሜው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ካቀደው ንድፍ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬም አብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ይጠቀሙበታል። አሞርዛተሩ ከነሞላው እንደቆመ ከላይ ከቦዲው ጋር ይታሰራል፤ ከታች ደግሞ ከመኪናው ሆድ ወደ ጎማው የተዘረጋ አንድ ክንድ ይይዘዋል። ክንዱ በውስጥ ጫፉ እንደ በር በማጠፊያ ስለተያዘ፣ የውጭ ጫፉ ሲወጣና ሲወርድ የሚጓዘው በቅስት ነው።

ነገሩ ሁሉ ከዚህ ቅስት ይመነጫል። መኪናው ዝቅ ሲል የክንዱ የውጭ ጫፍ ከውስጡ አንፃር ከፍ ይላል። መጀመሪያ ላይ ይህ የጎማውን የታች ክፍል ወደ ውጭ ስለሚገፋው የጎማው አናት ወደ ሞተሩ ያዘነብላል፤ መካኒኮች ኔጋቲቭ ካምበር የሚሉት ይህንን ነው። መኪናው የበለጠ ዝቅ በተደረገ ቁጥር ጎማው የበለጠ የሚያዘነብል ይመስላል፤ እንደዚያ ግን አይቀጥልም። ክንዱ ከአሞርዛተሩ ጋር ቀጤ ማዕዘን የሚሠራበትን ቦታ አልፎ ሽቅብ ማየት ሲጀምር፣ የጎማውን የታች ክፍል መልሶ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ያገኘውም ካምበር መቀነስ ይጀምራል። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል የሚዞርበት ነጥብም አብሮ ይወርዳል፤ ያውም ከክብደቱ ማዕከል በበለጠ ፍጥነት። ስለዚህ ከልክ በላይ ዝቅ የተደረገ መኪና ኩርባ ላይ የማጋደል ዝንባሌው ሊብስ ይችላል። ለዲኤክስ ዓይነት እግር መድኃኒቱ ከአሞርዛተሩ ሥርና ከመሪው ክንድ መካከል የሚገባ ወፍራም የብረት ማስገቢያ ነው። የታችኛውን ክንድና ጎማውን የሚያዞረውን የመሪ ዘንግ ጫፍ አንድ ላይ ወደ ታች ገፍቶ ሁለቱንም ወደ ቀድሞ ማዕዘናቸው ያቀርባቸዋል።

ጎማ ቶሎ ሲያልቅ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ካምበርን ነው፤ ዋናው በላተኛ ግን ቶ ነው። ቶ ማለት መኪናው ከላይ ሲታይ የሁለቱ ጎማዎች የፊት ጠርዝ ወደ ውስጥ መሰብሰቡ ወይም ወደ ውጭ መከፈቱ ነው። መኪናው ዝቅ ሲል የመሪ ዘንጉና የታችኛው ክንድ የየራሳቸውን ቅስት ስለሚከተሉ ጎማው መሪውን ማንም ሳይነካው ይዞራል። ሒሳቡን እንሥራው፦ አንድ ጎማ ከቀጥታው በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዞር፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ጎማው 1.7 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ላይ በጎኑ ተጎተተ ማለት ነው። ኔጋቲቭ ካምበር ሲጨመርበት ደግሞ መፋቁ ሁሉ የውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይከማቻል። ይህ ጠርዝ ቆመው ሲያዩት አይታይም፤ የውጭው ጥርስ አዲስ መስሎ ሳለ ከውስጥ በኩል ሽቦው ብቅ ሊል ይችላል።

በእጅ መለየት ይቻላል። መኪናው ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ መዳፍዎን በጥርሱ ላይ በአግድም ወዲያና ወዲህ ያሳልፉ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ በመልሱ እንደ መጋዝ ከቧጠጠዎት ቶው ተበላሽቷል። የውስጡ ጠርዝ ብቻ ሳይቧጥጥ ልሙጥ ሆኖ ካለቀ ካምበሩን ይጠርጥሩ።

የጎማው ማዕዘን ተለክቶ ወደሚስተካከልበት አላይመንት ቤት ሲሄዱ አንድ ነገር ይወቁ። ዲኤክስ ከፋብሪካው ሲወጣ የፊት ካምበሩ የሚስተካከልበት ቡሎን የለውም፤ ባለሙያው መፍታትና ማሰር የሚችለው ቶውን ነው። ማሽኑ ካምበሩን በቀይ ቢያሳይ ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ማስተካከል የፈለገ ከአሞርዛተሩ አናት ላይ የሚገባ ተንሸራታች ማሰሪያ መግዛት አለበት። የኋላው ግን ቀላል ነው፦ አክስሉ አንድ ወጥ ስለሆነ የጎማው ማዕዘን ከቁመት ጋር አይለወጥም። አክስሉን ከቦዲው ጋር በአግድም የሚያያዘው ዘንግ ግን ማዕዘኑ ስለሚለወጥ አክስሉን በመጠኑ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። አንዱ የኋላ ጎማ ከመከላከያው ወጣ፣ ሌላው ገባ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ከመለካቱ በፊት ያረጁ መጋጠሚያዎች ይለወጡ፣ የጎማው ንፋስ ይስተካከል። በክንዱ መጋጠሚያ ያሉት ላስቲኮች (ጎሚኒዎች) የታሰሩባቸው ቡሎኖችም መኪናው በራሱ ጎማ መሬት ላይ ቆሞ ተላልተው እንደገና ይጥበቁ፤ አለበለዚያ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። ካምበር የሚስተካከል ከሆነ ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ ካምበር መጀመሪያ፣ ቶ መጨረሻ። ካምበር ሲነካ ቶ አብሮ ይነቃነቃልና።

ሞላን በመጋዝ ቆርጦ ወይም በእሳት አግሎ ማሳጠርን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይደረግ። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት የተነካ ብረት ደግሞ ጥንካሬው ስለሚሞት በየጊዜው እየሰመጠ ይሄዳል፤ እንዲህ በየሳምንቱ ቁመቱ በሚለዋወጥ መኪና ላይ የተሠራ አላይመንት ገንዘብ ማባከን ነው። ለልኩ የተሠራ አጭር ሞላ፣ ከእሱ ጋር የሚሄድ አሞርዛተር፣ በመጨረሻም አላይመንት፤ ሦስቱን በአንድ ሒሳብ መያዝ ያልቻለ ሰው ገንዘቡ እስኪሞላ ቢጠብቅ ይሻለዋል።

አዲስ ሞላም ቢሆን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች እስኪነዳ ድረስ በመጠኑ ይረግጣል። ስለዚህ ማሽኑ ያተመውን ወረቀት ተቀብለው ያስቀምጡ፤ ሞላው ከረገጠ በኋላ ተመልሰው ያስለኩና ቁጥሮቹን ያስተያዩ። የመኪናው ቁመት ስለተለወጠ በዚያው የፊት መብራቱንም ያስተካክሉ።