ጠላቱን ያስጠለለ ዘብ

የሰሊጥ ሥራ በደረሰ ቁጥር ወጣቱ በሳንጃ በኩል ወደ አብደራፊና ወደ ሁመራ ሲጎርፍ እናያለን። ብዙው በደህና ይመለሳል። አንዳንዱ ግን ከወራት በኋላ ትኩሳት አልለቅ ይለዋል፤ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ሆዱ በግራ በኩል ያብጣል። ቤተሰቡም «ወባ ነው» ብሎ ክኒን ያውጠዋል።

ካላ አዛር ሊሆን ይችላል። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት ናት። በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ውላ ማታ ትነክሳለች። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ደክሞት የሚተኛው እዚያው ሜዳ ላይ ነው።

አስገራሚው ከንክሻው በኋላ ያለው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ባዕድ ነገር እየዋጡ የሚፈጩ ነጭ የደም ሕዋሳት ፈጥሮልናል፤ ሐኪሞች ማክሮፌጅ ይሏቸዋል። ማክሮፌጅ ጀርሙን ውጦ በከረጢት ይዘጋበታል። ከዚያ አሲድና አሟሚ ቅመም የያዘ ሌላ ከረጢት ይገጥመውና ጀርሙ ይፈጫል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን ሁለቱ ከረጢቶች እንዳይገጥሙ ያግዳል፤ በዋጠው ሕዋስ ውስጥም ለዓመታት ሊያደፍጥ ይችላል። የካላ አዛር ተውሳክ ባክቴሪያ አይደለም፤ ከባክቴሪያ የሚተልቅ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። ድፍረቱም የባሰ ነው። ጅራፍ መሰል ጭራውን ጥሎ፣ ድቡልቡል ሆኖ፣ እዚያው አሲዱ ውስጥ ይኖራል፤ እየተከፈለም ይበዛል። ሕዋሱ ሲፈነዳ ሌሎች ማክሮፌጆች የወጡትን ሊውጡ ይመጣሉ፤ እነርሱም ይያዛሉ። ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ የእነዚህ ሕዋሳት መናኸሪያ ናቸውና ጣፊያው ያብጣል፤ ደሙም ያንሳል።

ከወባ ጋር የሚያምታታው ተራውን ሰው ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ በመጀመሪያ የተገመተው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላ አዛር መሆኑ እስኪታወቅ ብዙ ሰው አለቀ።

ያልታከመ ካላ አዛር አይምርም ማለት ይቻላል። ሩቅያ ማስደረግ ክፋት የለውም፤ ጣፊያውን በጋለ ብረት ማስተኮስ ግን ቁስል ከመጨመር በቀር ማክሮፌጅ ውስጥ የተሸሸገውን አይነካም። ሕክምናው በአገራችን ለብዙው ሕመምተኛ በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን መወጋት ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚሁ የተቋቋመ ማዕከል አለ። ረመዳን ቢሆንም ሕመምተኛው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያካክስ ተፈቅዶለታል፤ ዒድ እስኪያልፍ አይጠበቅ።

ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈውና የወባ ምርመራው «የለም» ካለ፣ ልጁ ከቆላ መመለሱን ለሐኪሙ ንገሩት። በጥቂት የጣት ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ።