ከወታደሩ እግር የሚቀድም አፍንጫ

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ የዳሞታ ተራራን ብርድ ከኋላው ትቶ ብላቴ ቆላ ይገባል። የብላቴ ወንዝ ወላይታንና ሲዳማን እየለየ ቁልቁል ወደ አባያ ሐይቅ ይፈስሳል። ሸለቆው በአገሪቱ ወታደራዊ ታሪክ ስሙ የታወቀ ነው። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1983 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና የከተቱት ብላቴ ነበር። ዛሬም የልዩ ኃይል ማሠልጠኛ ነው። ከሶዶ፣ ከቦዲቲ፣ ከአረካ ተነስቶ ወደ ሠራዊቱ የሄደ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል የሌለው ቀበሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ መሬት በጠበበበት፣ ሕዝብ በተጨናነቀበት ዞን ውትድርና አንዱ እንጀራ ነው።

እግረኛ ወታደር ከጠላት ጥይት መከለል ይማራል። የተቀበረ ፈንጂ ግን መከለያ የለውም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተካሄደው ጦርነት በዛላንበሳ፣ በባድመና በቡሬ ግንባሮች በአብዛኛው የምሽግ ጦርነት ነበር፤ በምሽጎቹ መካከል ያለው መሬት ደግሞ በፈንጂ ተሞልቶ ቀረ። ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ፈንጂው ግን ስምምነት አያውቅም። እረኛውን፣ ገበሬውንና ማገዶ ለቃሚዋን መጠበቁን ቀጠለ። ውሻ በአገራችን ከወታደር ጎን ቆሞ የሠራበት፣ ብዙም ያልተነገረለት ታሪክ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

በሌሎች አገሮች ውሻ ከእግረኛ ጦር ጋር የዘመተባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ኢትዮጵያ የላከችው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ በደረሰበት ዘመን፣ እዚያው ግንባር የአሜሪካ 26ኛ የቃኚ ውሾች መቶ ከእግረኛ ጦሩ ጋር ሌሊት ሌሊት ለቅኝት ይወጣ ነበር። ከውሾቹ አንዱ የነበረው ዮርክ 148 የውጊያ ቅኝቶችን መርቶ፣ እርሱ በመራው ቅኝት አንድም ወታደር እንዳልሞተ ተመዝግቧል። ውሻው አይጮኽም፤ ነፋስ የሰው ጠረን ሲያመጣለት ጆሮውን ያቆማል፣ ሰውነቱን ያደነድናል። ያቺን ምልክት ያነበበ ወታደር ከደፈጣ ይተርፋል።

ፈንጂ ላይ ግን ነገሩ በቀላሉ አልተሳካም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ለፈንጂ ፍለጋ ያሠለጠኗቸው ውሾች ሰሜን አፍሪካ ላይ ሲፈተኑ ከተቀበረው ግማሽ ያህሉን ብቻ አገኙ። ምክንያቱ የአፍንጫ ድክመት አልነበረም። ውሾቹ የተማሩት በኤሌክትሪክ ንዝረት እየተቀጡ፣ የተቀበረ ነገርን እንዲፈሩ ነበር። የፈንጂው ቅመም የሚያወጣውን ጠረን እንዲፈልጉ ያስተማራቸው አልነበረም። የኋላው ዘመን ሥልጠና ይህን ገለበጠው፤ ውሻው ጠረኑን ሲያገኝ ኳሱ ይሰጠዋል፣ ይወደሳል። ከፍርሃት ወደ ደስታ የተደረገው ይህ ለውጥ ውሻን እውነተኛ ፈንጂ ፈላጊ አደረገው።

በኢትዮጵያ የፈንጂ ማምከን ሥራ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ደረጃ የተቋቋመው በ1993 ዓ.ም. ነው። አምካኞቹ ከሠራዊቱ የወጡ፣ ፈንጂን በጦርነት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ቀጥሎ ከ1994 እስከ 1996 ዓ.ም. በኖርዌጂያን ፒፕልስ ኤይድ አማካይነት አገር አቀፍ የፈንጂ ጉዳት ዳሰሳ ተካሄደ፤ 1,492 ማኅበረሰቦች በፈንጂ የተነኩ፣ 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰው በአደጋው ጥላ ሥር የሚኖር መሆኑ ታወቀ። ከሁሉም የከፋባቸው ሶማሌ፣ ትግራይና አፋር ነበሩ፤ በሶማሌ ያለው አብዛኛው የ1969ና 1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት ውርስ ነው። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት አጸደቀች። በእነዚህ ዓመታት ይኸው የኖርዌይ ድርጅት ለጽሕፈት ቤቱ ፈንጂ አነፍናፊ ውሾችን በማቅረብና አሠልጣኞችን በማብቃት አገዘ። ድርጅቱ ቦስኒያ ውስጥ፣ ሳራዬቮ አጠገብ፣ የቤልጂየም ማሊኗና የጀርመን እረኛ ውሾችን የሚያራባና የሚያሠለጥን ማዕከል አለው።

ሥራው ቀረብ ብለው ሲያዩት የሚገርም ዝግታ አለው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ አሠልጣኙ መጀመሪያ ውሻውን ይመረምራል፦ ጆሮው ውስጥ መዥገር እንዳለ፣ የመዳፉ ቆዳ እንደተሰነጠቀ፣ ዓይኑ እንደ ደፈረሰ። ነፋሱን ይመዝናል። በቀይና ነጭ ምልክት በታጠረው፣ ቀድሞ ከተጣራ ጥርጊያ ላይ ቆሞ ውሻውን በረጅም ገመድ ወደ ፊት ይለቀዋል። ውሻው አፍንጫውን መሬት አስጠግቶ በቀጥታ መስመር ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ አሠልጣኙ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ይሸሻል፣ እንደገና ይለቀዋል። ጠረን ካገኘ ይቀመጣል። አይቆፍርም፣ አይነካም፤ ተቀምጦ አሠልጣኙን ያያል። ቦታው ምልክት ይደረግበትና አምካኙ በመርፌ መሰል ዘንግ መሬቱን በጥንቃቄ እየወጋ ይቀርባል። ያንኑ መሬት ሌላ ውሻ እንደገና ያነፈንፈዋል፤ አንዱ ያለፈውን ሌላው እንዳያልፈው። ፀሐዩ ሲበረታ፣ እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሥራው ይቆማል። የሚያለከልክ ውሻ በአፉ ስለሚተነፍስ አፍንጫው ጠረን መልቀም ያቅተዋል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ አያቆምም። ቀለህ፣ ፍንጣሪ፣ ምስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ሁሉ ያስጮኸዋል፤ ለእያንዳንዱ ጩኸት አምካኙ ተንበርክኮ መቆፈር አለበት። በአንጻሩ ከእንጨት ሳጥንና ከፕላስቲክ የተሠሩት ፈንጂዎች ብረት ስለሚያንሳቸው በቀላሉ አይገኙም። ውሻው የሚፈልገው ብረት ሳይሆን ቅመሙን ስለሆነ ምስማሩን ያልፈዋል፣ የእንጨት ሳጥኑን ያገኘዋል። አንድ አምካኝ በቀን በአሥሮች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ሲያጸዳ ውሻ በመቶዎች ይፈትሻል።

የውሻ ትልቁ ጥቅም ግን፣ እንደ እኔ እምነት፣ ፈንጂ ማግኘቱ ላይ አይደለም፤ ፈንጂ የሌለበትን መሬት መናገሩ ላይ ነው። በአገራችን የተጠረጠረው መሬት ከእውነተኛው የተቀበረበት መሬት እጅግ ይበልጣል። ገበሬው አንድ በሬ ፈንጂ የረገጠበትን ማሳ ዙሪያውን ትቶ ይሄዳል፤ ዓመታት ያልፋሉ፣ ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፣ በሰነድ ላይም “የፈንጂ ቀጣና” ተብሎ ይሰፍራል። ኢትዮጵያ በኦታዋ ስምምነት መሠረት መሬቷን እንድታጸዳ የተሰጣት ጊዜ መጀመሪያ ግንቦት 2007፣ ቀጥሎ ግንቦት 2012፣ ከዚያም ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ተደርጎ ተራዝሟል። ሁለተኛው ማራዘሚያ ሲጠየቅ በጥርጣሬ የተመዘገበው መሬት ከ1 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ አብዛኛውም ሶማሌ ክልል። ይህን ሁሉ በመርፌ ዘንግ እየወጉ ማጣራት የትውልድ ሥራ ነው። ውሻ ገብቶ “እዚህ የለም” ያለው ማሳ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ታዲያ በውሻ ፈንጂ የመፈለግ ችሎታ በአገራችን ለምን ሥር አልሰደደም? ሥራው ከውጭ በመጣ ድጋፍ ላይ የቆመ ነበር፤ ውሻውም፣ ዕውቀቱም፣ ገንዘቡም የፕሮጀክት ዕድሜ ነበራቸው። ጽሕፈት ቤቱ ታጥፎ ኃላፊነቱ ወደ መከላከያ ሲዛወር በዚያ ዘመን የተገነባው ነገር ተበተነ። በፈንጂ ሥራ ውሻና አሠልጣኝ በአንድነት ተፈትነው፣ በአንድነት ፈቃድ የሚያገኙ ቡድን ናቸው። አሠልጣኙ በዝውውር ሌላ ክፍል ከሄደ ውሻው ከአዲስ ሰው ጋር ከመጀመሪያው ይለምዳል፣ እንደገና ይፈተናል። ሠራዊት ውስጥ ሰው እንደ ተፈለገ ይዛወራል፤ ይህ ልማድ ካልታረመ መቶ ውሻ ቢገዛም ዋጋ የለውም።

የእንስሳት ሕክምናውም ከዚህ የሚያንስ ጉዳይ አይደለም። ከአውሮፓ የመጣ ውሻ አፍሪካ ሲደርስ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ፈንጂ ሳይሆን ደሙ ውስጥ የሚገባ ተውሳክ ነው፤ መዥገር የሚያመጣው ትኩሳትና ጼጼ የምትባለው ዝንብ የምታስተላልፈው ገንዲ። ገንዲ የያዘው ውሻ ይከሳል፣ ድዱ ይነጣል፣ ዓይኑ እንደ ወተት ይደፈርሳል፤ ቶሎ ካልታከመ ይሞታል። ይህን በሽታ ደግሞ ወላይታ በሚገባ ያውቀዋል። በሁምቦ፣ በአበላ፣ በኪንዶ ኮይሻ ቆላዎች ገንዲ የገበሬውን በሬ ከቀንበር ሲያስወጣ ኖሯል። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ 25 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ዝንቧን ለማጥፋት የተጀመረው፣ ወንዱን ዝንብ በጨረር አምክኖ የሚለቅ ፕሮጀክት የዚህ አካባቢ ጉዳይ ነበር። ሶዶ ከተማ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። የገንዲን ተውሳክ በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚለይ ባለሙያ በዚህች ከተማ አይጠፋም። ይህ ዕውቀት እስከዛሬ ለበሬው ነው የዋለው፤ ለውሻው የማይውልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላም መነሳት ያለበት ነገር አለ። እኛ ዘንድ ውሻ ከደጅ የታሰረ፣ ጅብ ሲመጣ የሚጮኽ፣ ቀን ቀን በድንጋይ የሚባረር ፍጡር ነው። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ይገድላል። ለዓመታት ለተነከሰ ሰው የሚሰጠው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ በየቀኑ በመርፌ የሚወሰድ የድሮ ዓይነት ነበር፤ ብዙ ሰው ጀምሮ ያቋርጠዋል፣ ወይም ወደ ባህል ሐኪም ይሄዳል። እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ምልምል ውሻን በስሙ እየጠራ፣ ጥፍሩን እየቆረጠ፣ ሕይወቱን በእርሱ አፍንጫ ላይ እንዲያኖር መጠየቅ ቀላል አይደለም። ይሁንና ከቀድሞ ወታደሮች መካከል ይህን የቻሉ ነበሩ። የከተማ ውሾችን በስፋት መከተብም ከዚሁ ሥራ አይነጠልም፤ በማሠልጠኛ ግቢ ዙሪያ የሚዞር ያልተከተበ ውሻ ለሠለጠነውም ለአሠልጣኙም አደጋ ነው።

“ድሃ አገር ይህን አይችልም” የሚል መልስ እንዳይሰጠኝ ሁለት ቦታ ልጥቀስ። ለአፍጋኒስታን በ1981 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የፈንጂ ውሾች ማዕከል፣ ከጊዜ በኋላ የራሱን ቡችሎች እያራባ፣ በአፍጋኖች እጅ ማሠልጠን ችሏል፤ ያውም በጦርነት መካከል። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ደግሞ ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ከተማ፣ ሶኮይኔ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አፖፖ የተባለው ድርጅት አይጦችን ፈንጂ እንዲያሸቱ ያሠለጥናል። ማጋዋ የተባለው አይጥ ካምቦዲያ ውስጥ 39 ፈንጂ አግኝቶ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። ሞዛምቢክም በውሻ፣ በአይጥ፣ በማሽንና በሰው ተጋግዛ በ2008 ዓ.ም. መባቻ ከሚታወቅ ፈንጂ ሁሉ ነጻ መሆኗን አወጀች። የሞሮጎሮው ነገር በተለይ ልብ ይነካል፤ የተመረጠው የጦር ሰፈር ሳይሆን የግብርና ዩኒቨርሲቲ ነው። የእንስሳት ሐኪም፣ ተመራማሪና ተማሪ ያለበት ቦታ።

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት የተፈረመበት ጦርነት በትግራይ፣ በአፋርና በአማራ ክልሎች ያልፈነዳ ተተኳሽ በትኖ አልፏል። ከፈንጂ ይልቅ ሕፃናትን የሚያጠቃው ይህ ነው፤ ብረት ያብለጨልጫል፣ እጅ ይስባል። የውሻ አፍንጫ ለዚህም ይሠራል፤ በተለይ ከሳር ሥርና ከፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ውስጥ።

ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ማሠልጠኛው ሸለቆ ቅርብ ነው፣ ላቦራቶሪው ከተማ ውስጥ ነው፣ የእንስሳት ሐኪሙ በየዓመቱ ይመረቃል። የጎደለው ሦስቱን የሚያገናኝ ውሳኔ ነው፤ መከላከያ ጥቂት አሠልጣኞችን ከዝውውር ነጻ አድርጎ ለዓመታት እንዲመድብ፣ ዩኒቨርሲቲው የሥራ ውሻ ሕክምናን በትምህርቱ እንዲያካትት፣ ላቦራቶሪው ከበሬው ደም ጎን የውሻውን ደም እንዲመረምር። ቡችላ ተወልዶ፣ ለምዶ፣ ሠልጥኖና ተፈትኖ ሜዳ እስኪወርድ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። አሠልጣኙን ማፍራት ደግሞ ከዚያ አያንስም፤ ስለዚህ መጀመር ያለበት ውሻ ከመግዛት ሳይሆን ሰውን ከመምረጥ ነው፤ ከዚሁ ዞን፣ ውሻን ከማይፈሩ ወይም ፍርሃታቸውን ለመተው ፈቃደኛ ከሆኑ ወጣቶች መካከል።