«አረሚ» እና «አረመኔ» ስለተባሉት ቃላት

ዛሬ በአማርኛ «አረመኔ» የሚባለው ጨካኝ፥ ርኅራኄ የሌለው ሰው ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ስም ሊወቀስ ይችላል። ቃሉ የተገኘበት የግእዙ «አረሚ» ወይም «አረማዊ» ግን የጠባይ ስም አልነበረም፤ ከሕገ እግዚአብሔር ውጭ ያለውን፥ ጣዖት አምላኪ የተባለውን ሰው የሚያመለክት ነበር። ከዚያም በፊት በሶርያና በመስጴጦምያ የሚኖር የአንድ ሕዝብ፥ የአራማውያን መጠሪያ ነበር። «አረም» ከሚለው የእርሻ ቃል ጋራ ማዛመድ ለጆሮ ይጥም ይሆናል፤ ነገር ግን የቃሉ ዘር በእርሻችን ውስጥ አይገኝም።

የሕዝብ ስም የእምነት ስም የሆነው በዚያው በአራማውያን ቋንቋ ነው። አይሁድ አራማይስጥ እየተናገሩ ከጣዖት አምላኪዎች ጋራ ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ፥ በአነጋገራቸው «አራማዊ» ማለት «አይሁዳዊ ያልሆነ» ማለት ሆነ። በኋላም አራማውያኑ ራሳቸው ክርስትናን በተቀበሉ ጊዜ ይህንኑ ፍች ያዙ። የአባቶቻቸው ስም የጣዖት ሽታ ስላለበት ራሳቸውን ሱርያውያን ይሉ ጀመር፤ የቀድሞውንም ስም በአናባቢ ለይተው አንዱን ለሕዝቡ፥ ሁለተኛውን ለአሕዛብ አደረጉት። ፐሺታ በሚባለው የሱርስት መጽሐፍ ቅዱስ፥ ጳውሎስ አይሁዳዊንና ግሪካዊን ጎን ለጎን በሚጠራበት ስፍራ፥ «ግሪካዊ» በሚለው ፈንታ ይኸው ቃል ይገኛል። አንድ ሕዝብ የገዛ ስሙን ለባዕድ መጠሪያ አድርጎ መተዉ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ወደ ግእዝ በማን በኩል ገባ? የቀድሞዎቹ ተመራማሪዎች የአራማይስጥን ቃላት ከሶርያ መጡ ለሚባሉት መነኮሳት ይሰጡ ነበር። ፖሎትስኪ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት እንደ «ምጽዋት» እና «ጣዖት» ያሉት ቃላት አይሁዳዊ አሻራ እንዳላቸው፥ ስለዚህም ከእነዚያ መነኮሳት መምጣት በፊት ሊገቡ እንደሚችሉ አመለከተ። «አረሚ» የሚለውም ቃል መጀመሪያ በአይሁድ አፍ «ባዕድ» ማለት ስለሆነ፥ ከዚሁ ወገን ቢቈጠር ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል።

የኛ አንባቢ የቃሉን ዘር ያላስተዋለበትም ምክንያት አለ። ብሉይ ኪዳን ወደ ግእዝ የተተረጐመው ከግሪኩ ነው፤ ግሪኩም በዕብራይስጥ «አራማዊው ላባ» የተባለውን «ሶርያዊው ላባ» ይለዋል። ስለዚህ የሕዝቡ ስም «ሶርያዊ» ተብሎ በአንድ በር፥ ነቀፌታው «አረሚ» ተብሎ በሌላ በር ገባ፤ ሁለቱም አንድ ስም እንደ ነበሩ ተረሳ።

ለባህል ተመራማሪ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ስለ ግዛታቸው ወሰን ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ፥ አገራቸውን በአረመኔ ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርገው ገልጠዋታል። በዚያ «ባሕር» ውስጥ ግን አንድ አምላክ የሚሰግዱለት ሙስሊሞች፥ ደግሞም ዋቃ ብለው አንድ ፈጣሪ የሚለምኑ ኦሮሞዎች ነበሩ። ከእነዚህ ማንኛውም ራሱን በዚህ ቃል አይጠራም። ቃሉ የተጠሪውን እምነት ሳይሆን የጠሪውን መቆሚያ ነው የሚነግረን፤ የወሰን ጥያቄ በተነሣበት ደብዳቤ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የመሬት ነገር ይሆናል። ስለዚህ በአሮጌ ጽሑፍ «አረመኔ» የሚል ያገኘ ሰው ስለዚያ ሕዝብ አምልኮ አንዳች እንደ ተነገረው አይቍጠር።

ወደ ጭካኔ የተሸጋገረውም ፍች የራሱን ጉዳት አምጥቷል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ 18፥17 ቤተ ክርስቲያንን የማይሰማው ሰው ከአረመኔና ከቀራጭ ጋራ ይቈጠራል። ግሪኩ የሚለው ከአሕዛብ ወገን የሆነውን ነው። የዛሬ ተማሪ ግን ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ይሰማዋል፤ ከማኅበር የተለየውንም ወንድም እንደ ወንበዴ ያየዋል።