ግማሽ ሚሊሜትር ስንት ብር ያወጣል?

ካሊፐር ለቶርኖ ቤት ብቻ ሳይሆን ለነጋዴውም የሚያስፈልግ መሣሪያ ነው

በግንባታ ዕቃና በመለዋወጫ ገበያ ገዢና ሻጭ የሚስማሙት በስምና በዋጋ ነው። «ባለ 12 ፌሮ»፣ «30 ጌጅ ቆርቆሮ»፣ «2.5 ገመድ» ተብሎ ይጠራል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ዕቃው ይጫናል። በስሙ ውስጥ ያለው ቁጥር ራሱ ሊለካ የሚገባው ነገር መሆኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋል። ዓይን የ12 እና የ11.5 ሚሊሜትር ፌሮን ልዩነት አይለይም። የሰለጠነ እጅም ቢሆን ይሳሳታል። ልዩነቱን የሚናገረው በአንድ እጅ የሚያዘው ካሊፐር ነው። እሱም ቢሆን እውነቱን የሚናገረው የት እንደሚለካ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ኪሳራው የሚደበቅበት ሂሳብ

የፌሮ ክብደት ከውፍረቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ በእጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ምክንያቱም ብረቱ የሚሰላው በዲያሜትሩ ሳይሆን በዲያሜትሩ ስኩዌር ነው። ቀላሉ ስሌት ዲያሜትሩን በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል ሲሆን፣ ውጤቱ የአንድ ሜትር ፌሮ ክብደት በኪሎ ይሆናል። በዚህ መሠረት 12 ሜትር ርዝመት ያለው የባለ 12 ፌሮ አንድ ቤርጋ ወደ 10.67 ኪሎ ይመዝናል። 100 ቤርጋ 1,067 ኪሎ ማለት ነው።

ትክክለኛ ውፍረቱ 11.5 ሚሊሜትር የሆነ ፌሮ በባለ 12 ስም ቢሸጥ ግን 100 ቤርጋ የሚመዝነው 980 ኪሎ ብቻ ነው። ልዩነቱ 87 ኪሎ፣ ማለትም ከስምንት በመቶ በላይ ነው። የጎደለው ግማሽ ሚሊሜትር ስንት ብር እንደሆነ ለማወቅ 87ን በዕለቱ የፌሮ ኪሎ ዋጋ ማባዛት ይበቃል። በቀጭኑ ፌሮ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ባለ 8 የተባለው 7.5 ሆኖ ከተገኘ የጎደለው ብረት 12 በመቶ ይደርሳል።

እዚህ ላይ በቤርጋ የገዛና በኪሎ የገዛ ሰው ጉዳታቸው ይለያያል። በቤርጋ ቆጥሮ የከፈለ ሰው ያልተረከበውን 87 ኪሎ ብረት ከፍሏል። በኪሎ የገዛው በሚዛን አልተጎዳም፤ የከፈለበትን ያህል ብረት ወስዷል። ይሁን እንጂ መሐንዲሱ በፕላኑ ላይ የቆጠረው ኪሎ ሳይሆን የዘንግ ብዛትና ውፍረት ነው። በኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት የሚሸከመው ኃይል በስፋቱ መጠን ስለሆነ፣ ስምንት በመቶ የጎደለ ዘንግ የመሸከም አቅሙም በዚያው መጠን ይጎድላል። በኪሎ የገዛው ሰው ኪሱ ቢድንም ምሰሶው አልዳነም።

መሣሪያው እንዴት ይነበባል?

በተለምዶ ካሊፐር የሚባለው ሙሉ ስሙ ቬርኒየር ካሊፐር ነው። ስሙን ያገኘው ፒየር ቬርኒየር ከተባለው ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ሰውዬው ተንሸራታቹን ማስመሪያ እ.ኤ.አ. በ1631 በብራስልስ ባሳተመው ጽሑፍ አስተዋውቋል። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ የፕሮቪደንሱ ጆሴፍ ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1851 ይህንኑ ዘዴ ለመካኒኮች በሚሆን ካሊፐር ላይ አውሎ ለገበያ አቅርቦታል።

መሣሪያው ሦስት ሥራ ይሠራል። ትላልቆቹ መንጋጋዎች የዕቃን ውጫዊ ውፍረት ይለካሉ። በላይ በኩል ያሉት ትናንሾቹ የቀዳዳን ወይም የቱቦን ውስጥ ይለካሉ። ከጭራው የሚወጣው ቀጭን ዘንግ ደግሞ ለጥልቀት ነው።

አነባበቡ እንደሚታሰበው አስቸጋሪ አይደለም። ዋናው ማስመሪያ በሚሊሜትር የተከፈለ ነው። በመጀመሪያ የተንሸራታቹ ዜሮ መስመር በዋናው ማስመሪያ ላይ የትኛውን ቁጥር እንዳለፈ ይታያል። ለምሳሌ 11ን አልፎ 12 ላይ ካልደረሰ ሙሉው ቁጥር 11 ነው። ቀጥሎ ከተንሸራታቹ መስመሮች ውስጥ በዋናው ማስመሪያ ላይ ካለ መስመር ጋር ቀጥ ብሎ የገጠመው የትኛው እንደሆነ ይፈለጋል። በላዩ 0.02 የሚል የተጻፈበት ካሊፐር ላይ 27ኛው መስመር ከገጠመ፣ 27 ጊዜ 0.02 ማለት 0.54 ነው። ልኩ 11.54 ሚሊሜትር ሆነ ማለት ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት በአብዛኛው ከንባቡ በፊት ነው። መንጋጋዎቹ ተዘግተው ዜሮ ላይ ካልገጠሙ ልዩነቱ ከእያንዳንዱ ልክ ላይ መታረም አለበት። ዝገት፣ አቧራና ግራሶ በመንጋጋው መካከል ከገቡ ዕቃውን ያወፍሩታል። ዕቃው በመንጋጋው ጫፍ ሳይሆን ወደ ዘንጉ ተጠግቶ ቢያዝ ይመረጣል፤ ጫፉ ላይ ሲጫኑት ተንሸራታቹ ስለሚያዘነብል ልኩ ይዛባል። ጠንክሮ መጭመቅም ልክን ያሳንሳል። አንድን ዕቃ በሦስት ቦታ ለክቶ ማነጻጸር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ፌሮ ላይ ካሊፐሩ ብቻውን አይፈርድም

ጥርስ በሌለው ለስላሳ ብረት ላይ ካሊፐሩ ያነበበው ቁጥር ውፍረቱ ነው። በላዩ ጥርስ ባለው ፌሮ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በደረጃው መሠረት የተሠራ ባለ 12 ፌሮ እንኳ በጥርሶቹ መካከል ሲለካ ከ12 በታች፣ በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ሲለካ ከ12 በላይ ያነባል። «12» የሚለው ቁጥር በጥርሱ ውስጥ ያለው ብረት በዘንጉ ላይ ቢከፋፈል የሚኖረው ውፍረት ነው እንጂ በአንድ ቦታ ላይ ተለክቶ የሚገኝ አይደለም።

በመሆኑም በጥርሶቹ መካከል ለክቶ 11.5 ያገኘ ገዢ «ተጭበረበርኩ» ቢል ሻጩን ሊበድል ይችላል። ሻጩም በጥርሱ ላይ ለክቶ «ይኸው ከ12 ይበልጣል» ቢል ገዢውን ሊያታልል ይችላል። ሁለቱም ካሊፐር ይዘዋል፤ ሁለቱም ያነበቡት ቁጥር እውነት ነው፤ ክርክሩ ግን አይፈታም።

የሚፈታው በሚዛን ነው። ከፌሮው ላይ ልክ አንድ ሜትር ተቆርጦ፣ የላላ ዝገቱ በብሩሽ ተጠርጎ፣ ግራም በሚያሳይ ሚዛን ይመዘናል። በኪሎ የተገኘው ቁጥር በ162 ተባዝቶ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ እውነተኛው ውፍረት ይገኛል። 0.816 ኪሎ የመዘነ ሜትር 11.5 ሚሊሜትር ነው። 0.880 የመዘነው 11.94 ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ደግሞ የሚያከራክር አይደለም።

ምን ያህል ጉድለት ይፈቀዳል የሚለው በውሉ ላይ በተጠቀሰው ደረጃ ይወሰናል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የእንግሊዝ ደረጃ ቢ.ኤስ. 4449 እስከ 8 ሚሊሜትር ላለው 6 በመቶ፣ ከ8 በላይ ለሆነው 4.5 በመቶ የክብደት ልዩነት ይፈቅዳል። በዚህ ደረጃ ዝቅተኛው የአንድ ሜትር ክብደት ለባለ 8 ወደ 371 ግራም፣ ለባለ 10 ወደ 589፣ ለባለ 12 ወደ 848፣ ለባለ 16 ወደ 1,508 ግራም ይሆናል። እነዚህን አራት ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ኪሱ የያዘ ገዢ ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

ቆርቆሮና ላሜራ፡ የጌጅ ግራ መጋባት

በቆርቆሮ ገበያ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጌጁ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ከዚህም በላይ ጌጅ አንድ ወጥ መለኪያ አይደለም። በእንግሊዝ የሽቦ ጌጅ ሠንጠረዥ 30 ጌጅ 0.315 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በአሜሪካ የዚንክ ቅብ ላሜራ ሠንጠረዥ 30 ጌጅ 0.399 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ከሌላው ከሩብ በላይ ይወፍራል። ሁለቱም ግን «30 ጌጅ» ናቸው። ሻጩ ሳይዋሽ ገዢው ሊከስር የሚችልበት ቀዳዳ ይህ ነው። መፍትሔው በጌጅ ሳይሆን በሚሊሜትር ዋጋ መጠየቅ ነው።

ለዚህ ሥራ ካሊፐር መጠነኛ ግምት ይሰጣል እንጂ አያስተማምንም። በ0.30 ሚሊሜትር ላይ የ0.03 ስህተት 10 በመቶ ነው፤ ይህን ያህል ስህተት ደግሞ ከተራ ካሊፐር ይጠበቃል። ለላሜራ የሚመረጠው ማይክሮሜትር ነው። ፈረንሳዊው ዣን ሎራን ፓልሜር እ.ኤ.አ. በ1848 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ይህ መሣሪያ በብሎን ጥርስ እየተጠጋ የሚሊሜትርን አንድ መቶኛ ያነባል። ሲለካ ከተቆረጠው ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ያስፈልጋል፤ ጠርዙ በመቁረጫው ስለሚጎብጥ ወፍሮ ይታያል። ቀለምና የዚንክ ቅብም ከውፍረቱ ጋር አብረው እንደሚለኩ መርሳት አይገባም።

ገመድ፡ 2.5 ውፍረት አይደለም

በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የሚጠራው «1.5» ወይም «2.5» የመዳቡ ስፋት በስኩዌር ሚሊሜትር ነው፤ ብዙ ገዢ ግን ውፍረት ይመስለዋል። ባለ አንድ ዘንግ 2.5 ገመድ ፕላስቲኩ ተልጦ ሲለካ መዳቡ ወደ 1.78 ሚሊሜትር ይሆናል። ባለ 1.5 ወደ 1.38፣ ባለ 4 ደግሞ ወደ 2.26 ነው። ስፋቱን ለማግኘት ዲያሜትሩ በራሱ ተባዝቶ በ0.785 ይባዛል።

2.5 የተባለው ገመድ መዳቡ 1.6 ሆኖ ቢገኝ ስፋቱ 2.01 ብቻ ነው። ፕላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት ምንም የጎደለው አይመስልም። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ገመድ ሲሆን የአንዱ ክር ስፋት ተሰልቶ በክሮቹ ብዛት ይባዛል። ካሊፐሩ የማይናገረው ነገርም አለ፤ መዳቡ ንጹሕ ይሁን ወይም መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ይሁን አይለይም። ይህን ለማየት ክሩን በቢላ መፋቅ ይረዳል፤ ከውስጥ ነጣ ያለ ከወጣ መዳብ አይደለም።

ኩሽኔታ፡ ቁጥሩ የጠፋ ዕቃ

በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ የመለዋወጫ ገበያ ቁጥሩ የተፋቀ ኩሽኔታ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም። ካሊፐር ላለው ነጋዴ ይህ ችግር አይደለም። የውስጥ ቀዳዳው 20፣ የውጩ 47፣ ስፋቱ 14 ሚሊሜትር ከሆነ 6204 ነው። 25፣ 52 እና 15 ከሆነ 6205 ነው። ከ04 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የቀዳዳውን ስፋት ስለሚሰጡ ዝርዝሩን መሸምደድ አያስፈልግም።

ኩሽኔታ ለካሊፐሩ ለራሱም ውለታ ይመልሳል። በታወቀ ፋብሪካ የተሠራ አዲስ ኩሽኔታ የውጭ ልኩ የሚፈቀድለት ጉድለት የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የአዲስ 6204 ውጭ 47.00 ካላነበበ ጥርጣሬው በኩሽኔታው ላይ ሳይሆን በካሊፐሩ ላይ መሆን አለበት።

ካሊፐር ሲገዛ

ሲገዙ መንጋጋዎቹን ዘግቶ ወደ ብርሃን ማንሳት የመጀመሪያው ፈተና ነው። በመካከላቸው ብርሃን ከታየ መተው ይሻላል። ተንሸራታቹ ሳይንገጫገጭና ሳይዝ መሄድ፣ ዜሮውም ደጋግመው ሲዘጉት በአንድ ቦታ መግጠም አለበት። በቁጥር የሚያሳየው ዲጂታል ካሊፐር ለማንበብ ቀላል ቢሆንም ባትሪ ይፈልጋል፤ ባትሪው ሲደክም ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል። ባለ መስመሩ ባትሪ አይጠይቅም። ልኩ በክርክርና በውል ላይ የሚቀርብ ድርጅት መሣሪያውን የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩትን በመሰለ ተቋም አስፈትሾ የምስክር ወረቀት ቢይዝ ቃሉ ክብደት ያገኛል።

ደላላውና አስመጪው ከዚህ የሚያገኙት ጥቅም ከገዢው አያንስም። ጭነት ከመረከቡ በፊት ከየእስሩ አንድ ናሙና የለካና የመዘነ አስመጪ ከፋብሪካው ጋር የሚከራከርበት ማስረጃ አለው። ዕቃው ከተራገፈና ከተከፋፈለ በኋላ ግን ጉድለቱ የእሱ ይሆናል። ደላላውም ያላየውን ዕቃ በስሙ ብቻ ካሻሻጠ፣ ቅሬታ ሲመጣ ሁለቱም ወገን የሚይዙት እሱን ነው።

በፕሮፎርማው ላይ «ባለ 12» ከሚለው ቃል ጎን ሦስት ነገሮች ቢጨመሩ ብዙ ይቃለላል፤ ልኩ በሚሊሜትር ወይም በሜትር ክብደት፣ የሚፈቀደው ልዩነት በመቶኛ፣ እንዲሁም ናሙናው የት፣ መቼና በማን ፊት እንደሚለካ። እነዚህ ሦስት መስመሮች ከተጻፉ ካሊፐሩና ሚዛኑ የሚወጡት ዕቃው ሳይጫን በፊት ነው።