በጣሳ የታሸገ የኮኮናት ወተትና የአስመጪው ኀላፊነት

የኮኮናት ወተት እየተባለ በጣሳ የሚሸጠው ምግብ ከእንስሳ የተገኘ አለመሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ በፍሬው ውስጥ ከሚገኘው ውሃ የተለየ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ወተቱ የሚገኘው የበሰለው ኮኮናት ነጭ ሥጋ ተፍቆ፥ ውሃ ተጨምሮበት፥ ሲጨመቅ ነው። ታይላንድ፥ ኢንዶኔዥያ፥ ፊሊፒንስ፥ ቬትናምና ስሪላንካ ይህን ጭማቂ በፋብሪካ እያሸጉ ወደ አሜሪካ፥ ወደ አውሮፓና ወደ አውስትራልያ ይልኩታል። ቀድሞ የእስያ ተወላጆች በሚገበዩባቸው ሱቆች ይገኝ የነበረው ጣሳ ዛሬ በታላላቅ መደብሮች ተደርድሮ ይታያል፤ ከገዢዎቹም መካከል የከብት ወተት የማይስማማቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው።

ይህን ዕቃ አስገብቶ ለመሸጥ ያሰበ ነጋዴ አስቀድሞ የሚመረምረው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውንና የመርከብ ኪራዩን ነው። ሆኖም ንግዱን የሚያቆመውም የሚጥለውም በጣሳው ላይ የታተመው ጽሑፍ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ፋብሪካው ከባሕር ማዶ ስለሆነ፥ ጽሑፉ ሐሰት ሆኖ በተገኘ ጊዜ የአገሩ ሕግ በቅርብ የሚያገኘው አስመጪውን ነው።

በአውስትራልያ የደረሰው ነገር ለዚህ ምስክር ይሆናል። በ2013 መጨረሻ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሜልበርን የሚኖር የከብት ወተት የማይስማማው የ10 ዓመት ልጅ፥ ከታይዋን የመጣ በጣሳ የታሸገ የኮኮናት መጠጥ ጠጥቶ ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በመጠጡ ውስጥ የከብት ወተት ነበረበት፤ በጣሳው ላይ ግን አልተጻፈም። መጠጡ ከገበያ ተሰበሰበ፤ አስመጪው ኩባንያም በ2015 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን ስላመነ 18,000 የአውስትራልያ ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። ይህ ገንዘብ በአንድ ሕፃን ሕይወት ፊት ምን ያህል እንደሚመዝን አንባቢ ራሱ ይፍረደው። በዚያው በ2015 ሌሎች በርካታ የኮኮናት መጠጦችም በዚሁ ጉድለት ምክንያት ከአውስትራልያ ገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል።

የከብት ወተት ከኮኮናት ጋር ምን አገናኘው? የሚል ጠያቂ አይታጣም። የታወቀው ምክንያት ይህ ነው፤ የኮኮናት ወተት ዱቄት በሚዘጋጅበት ጊዜ ቅባቱ ከሌላው እንዳይለይ ብዙ ፋብሪካዎች ከከብት ወተት የሚወጣውን ካዜይኔት የተባለ ፕሮቲን ይጨምሩበታል። እንዲህ ያለው ዱቄት ወደ መጠጥ በገባ ጊዜ ካዜይኔቱም አብሮ ይገባል። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን የሚኖር ጿሚ፥ ኮኮናት የሚለውን ስም ብቻ አይቶ ዱቄቱን በቡናው ውስጥ ቢጨምር ሳያውቅ ይገድፋል። ለጿሚው ጉዳዩ የሕሊና ነው፤ ለዚያ ልጅ ግን የሞት ሆነ። ስለዚህ አስመጪው ከፋብሪካው የሚቀበለው የዋጋ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን በጣሳው ውስጥ የገባውን ሁሉ የሚዘረዝር፥ በፊርማ የጸና ወረቀት ሊሆን ይገባል፤ ከፋብሪካው አገር ቋንቋ የተተረጎመውንም ጽሑፍ ከዋናው ጋር ቃል በቃል ማስተያየት የእርሱ ፈንታ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ደንቡ በቅርቡ ተለውጧል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኮኮናትን ከለውዝ መሰል የዛፍ ፍሬዎች ጋር ቆጥሮ፥ አለርጂ የሚያስነሣ መሆኑ በጣሳው ላይ እንዲገለጥ ሲያደርግ ቆይቶ፥ በጥር ወር 2025 ከዝርዝሩ አውጥቶታል። የኮኮናት ስም በተሠራባቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ መጻፉ ግን አልቀረም። አሮጌ ጽሑፍ የታተመባቸው ጣሳዎች ያሉት ነጋዴ ይህን ለውጥ ከፋብሪካው ጋር መነጋገር ይኖርበታል።

ከጽሑፉ ቀጥሎ የሚመጣው የአቀቃቀሉ ጉዳይ ነው። የኮኮናት ወተት ኮምጣጣ አይደለም፤ የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ወደ 6 ይጠጋል። ከ4.6 በላይ የሆነ ምግብ አየር በሌለበት ጣሳ ውስጥ ታሽጎ ሲቀመጥ፥ በሚገባ ካልተቀቀለ፥ ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ መርዙን ሊያፈራበት ይችላል። ስለዚህ አሜሪካ እንዲህ ያለውን ጣሳ የሚያሽግ የውጭ አገር ፋብሪካ ሁሉ እንዲመዘገብና፥ በምን ያህል ሙቀት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀቅል አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ታስገድዳለች። በባሕር የሚመጣ ምግብም መርከቡ ከመድረሱ ከ8 ሰዓት ባላነሰ ጊዜ አስቀድሞ ሊነገርለት ይገባል። በ2011 የወጣው ሕግ ደግሞ አስመጪው ራሱ የውጭ አቅራቢውን የጥንቃቄ አሠራር መርምሮ መዝገብ እንዲይዝ ያዝዛል፤ ከአገራችን በርበሬና ሽሮ ወደዚያ የሚያስገቡ ነጋዴዎችም ይህን ግዴታ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። እንዳይገባ የተከለከለ ዕቃ በ90 ቀን ውስጥ ከአገር መውጣት ወይም መጥፋት አለበት፤ የመጋዘን ኪራዩም በዚህ መካከል መቆጠሩን አያቆምም።

በውሉ ላይ ሳይጻፍ የማይታለፈው የቅባቱ መጠን ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በ2003 እንደ ወሰነው፥ የኮኮናት ወተት ለመባል ከመቶ ቢያንስ 10 እጅ ቅባት ያስፈልጋል፤ ቀላል ለሚባለው 5፥ የኮኮናት ክሬም ለሚባለው 20 ነው። የሁለት ፋብሪካ ጣሳዎች በመልክና በልክ አንድ ሆነው በዋጋ ቢራራቁ፥ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ውሃ ነው። ርካሹን ያገኘሁ መስሎኝ ውሃ በመርከብ አስጫንሁ እንዳይል፥ ገዢው ናሙናውን በላቦራቶሪ ቢያስመረምር መልካም ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ወተት የሚለው ስም ለእንስሳ ወተት ብቻ የተጠበቀ ነው፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በ2017 የአኩሪ አተር መጠጥ በዚህ ስም እንዳይሸጥ ፈርዷል። የኮኮናት ወተት ግን የቆየ ስም በመሆኑ በ2010 በወጣው ዝርዝር በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተፈቅዶለታል። ፈቃዱ በየቋንቋው የተለያየ ስለሆነ፥ ጽሑፉ በሌላ ቋንቋ የሚታተም ከሆነ ዝርዝሩን ማየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ የቀረ አንድ የመጋዘን ነገር አለ። የኮኮናት ቅባት ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ይረጋል፤ በደጋ አገር ጧት ቅቤ በቅሉ ውስጥ እንደሚረጋ ማለት ነው። በክረምት ጣሳውን የከፈተ ደንበኛ ከላይ ነጭ ድፍን፥ ከታች ውሃ ባገኘ ጊዜ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ አቆይቶ መነቅነቅ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ይህም በጣሳው ላይ በጉልህ ቢጻፍ ከሱቁ የሚመለሰው ዕቃ ይቀንሳል።