ሁለት ዘረመል በአንድ ሰው፦ የሲዋይፒ3ኤ5 ጂንና የታክሮሊመስ መጠን በጉበት ንቅለ ተከላ

ጉበት የተተከለለት ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ዘረመሎችን ይዞ ይኖራል። አንጀቱና ኩላሊቱ ከወላጆቹ በወረሰው ዘረመል ሲቀጥሉ፣ አዲሱ ጉበት ግን የለጋሹን ዘረመል እንደያዘ ይሠራል። ጉበት በርካታ መድኃኒቶችን የሚለውጥ ዋና አካል በመሆኑ፣ «ይህ ሕመምተኛ ምን ያህል መድኃኒት ያስፈልገዋል?» የሚለው ጥያቄ «የማን ጂን ነው የሚወስነው?» ከሚል ሌላ ጥያቄ ጋር ይቆራኛል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በታክሮሊመስ ምሳሌነት ያብራራል፤ ለኢትዮጵያውያን ሕሙማን ያለውን ትርጉምም ያሳያል።

ታክሮሊመስ እ.ኤ.አ. በ1984 በጃፓን፣ ጹኩባ አካባቢ ከአፈር ከተወሰደ ባክቴሪያ የተገኘ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ለጉበት ንቅለ ተከላ ተፈቅዶ፣ ዛሬ ሰውነት የተተከለውን አካል እንዳይገፋ ለመከላከል ከሚሰጡት መድኃኒቶች ግንባር ቀደሙ ሆኗል። ችግሩ በሚጠቅመውና በሚጎዳው ልኬት መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑ ነው። በደም ውስጥ ያለው ክምችት ሲያንስ ሰውነት ጉበቱን ሊያጠቃ ይችላል፤ ሲበዛ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ለኢንፌክሽን መጋለጥም ይጨምራል።

መድኃኒቱን የሚለውጡት በዋናነት ሲዋይፒ3ኤ4 እና ሲዋይፒ3ኤ5 የተባሉት ኢንዛይሞች ሲሆኑ፣ በአንጀት ግድግዳም በጉበትም ይገኛሉ። ከሁለቱ ሰውን ከሰው ይበልጥ የሚለየው ሁለተኛው ነው። *1 የተባለውን የጂኑን ዓይነት ቢያንስ በአንድ ቅጂ የወረሰ ሰው ኢንዛይሙን ያመርታል። *3 በተባለው ዓይነት ግን በሦስተኛው ኢንትሮን ውስጥ አንዲት «ኤ» በ«ጂ» በመተካቷ የመልእክተኛው አር.ኤን.ኤ. አገጣጠም ይዛባል፤ ፕሮቲኑም ሳይጠናቀቅ ይቋረጣል። አምራቹ ሰው ታክሮሊመስን ፈጥኖ ስለሚያስወግድ፣ ሲፒክ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ለአምራቾች የመነሻው መጠን ከተለመደው 1.5 እስከ 2 እጥፍ እንዲሆን ይመክራል።

ይህ ስሌት ለኩላሊት ተቀባይ ቀላል ነው፤ አንጀቱም ጉበቱም የራሱ ናቸውና የአንድ ሰው ምርመራ ይበቃል። በጉበት ንቅለ ተከላ ግን መድኃኒቱ በመጀመሪያ የተቀባዩን አንጀት፣ ቀጥሎም የለጋሹን ጉበት ያልፋል። ስለዚህ አራት ሁኔታዎች ይኖራሉ፦ ሁለቱም አምራቾች፣ ሁለቱም አምራች ያልሆኑ፣ ተቀባዩ ብቻ አምራች፣ ለጋሹ ብቻ አምራች። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕይወት ካሉ ለጋሾች ጉበት በተቀበሉ ሕሙማን ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ የአንጀቱም የጉበቱም ጂን በሚያስፈልገው መጠን ላይ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል። የሲፒክ መመሪያም ለጉበት ተቀባዮች የሚሠራው የለጋሹና የተቀባዩ ጂኖታይፕ አንድ ሲሆን ብቻ መሆኑን በግልጽ ይገድባል።

ለጋሹ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ልዩነቱን አያስቀርም። ሁለቱም ወላጆች አንድ የሚሠራና አንድ የማይሠራ ቅጂ ቢኖራቸው፣ እያንዳንዱ ልጅ አምራች የመሆን ዕድሉ 3/4፣ ያለመሆን ዕድሉ 1/4 ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ለሌላው ጉበቱን ቢያካፍል፣ አንዱ አምራች ሌላው ያልሆነ የመሆን ዕድላቸው 3/8 ወይም 37.5 በመቶ ይሆናል። የአንድ እናትና አባት ልጆች መሆናቸው አንድ ዓይነት ጉበት አላቸው ማለት አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ግምት ይበልጥ አደገኛ ይሆናል። በአውሮፓ ተወላጆች ዘንድ ብዙኃኑ ኢንዛይሙን አያመርቱም፤ በምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች ዘንድ ብዙኃኑ ያመርታሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ ኢትዮጵያውያን የዚህ ጂን ልዩ ስርጭት እንዳላቸውና ፆታም ጂኖታይፕም በኢንዛይሞቹ ሥራ ላይ ተጽዕኖ እንዳላቸው አመልክቷል። በኢትዮጵያውያን የሚገኘውን *6 የተባለ ሌላ የማይሠራ ዓይነትም ማስታወስ ይገባል። *3ን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ *6ን አያየውም፤ ያላየውንም *1 ብሎ ይመዘግበዋል። አምራች ያልሆነው ሰው አምራች ተብሎ መጠኑ በእጥፍ ሊጨመርለት ይችላል ማለት ነው። በሌላ የዚሁ ቤተሰብ ጂን፣ በሲዋይፒ2ዲ6፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የጂኑ ተጨማሪ ቅጂዎች እንዳሏቸው ማሳየቱም «አፍሪካዊ» የሚለው ጥቅል መለያ ለመድኃኒት መጠን መሠረት እንደማይሆን ያስረዳል።

ጂን ብቻውን ግን ሁሉንም አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሲያነጻጽር፣ ተመሳሳይ የሲዋይፒ2ዲ6 ጂኖታይፕ ይዘው እንኳ በአገር ቤት የሚኖሩት የኢንዛይም ሥራ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። አካባቢና አኗኗር የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በታክሮሊመስ ረገድም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ኢንዛይሞቹን በማነቃቃት ክምችቱን በእጅጉ ያወርደዋል፤ ፍሉኮናዞልን የመሰሉ የፈንገስ መድኃኒቶች ደግሞ ኢንዛይሞቹን በማገድ ከፍ ያደርጉታል።

በመሆኑም የጂን ምርመራ የመነሻውን መጠን ያቀርባል እንጂ የደም ምርመራን አይተካም። የደም ምርመራውም ትርጉም የሚኖረው ሰዓቱ ሲጠበቅ ነው። ለምሳሌ በሰንዳፋ የሚኖር፣ ክትትሉ ግን አዲስ አበባ የሆነ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ በ1 ሰዓት ይወስዳል እንበል። ጠዋት የሚወስደውን ውጦ ጉዞ ቢጀምርና ደሙ በ3 ሰዓት ቢቀዳ፣ የሚለካው መድኃኒቱ ወደ ጣሪያው በተጠጋበት ጊዜ ያለው ክምችት ነው። ውጤቱ «ከፍተኛ» ተብሎ መጠኑ ቢቀነስ፣ በቂ የነበረው መጠን ያንስና ጉበቱ ለአደጋ ይጋለጣል። ትክክለኛው አሠራር የጠዋቱን መድኃኒት ይዞ መጓዝና ደም ከሰጡ በኋላ መዋጥ ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ለሚመጡም ይኸው ምክር ይሠራል።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ መሰጠቱ፣ የታክሮሊመስ ክትትል ልምድ እንዲካበት መንገድ ከፍቷል። በውጭ አገር ጉበት ተተክሎላቸው ለሚመለሱ ሕሙማን ግን ይህ ልምድ አንድ ተጨማሪ መረጃ ይሻል፤ እሱም የለጋሹ ጂኖታይፕ ነው። ለጋሹ በሌላ አገር ከቀረ በኋላ መረጃውን ማግኘት አዳጋች ነው። ስለዚህ የለጋሹና የተቀባዩ የሲዋይፒ3ኤ5 ውጤት፣ *6ን ጨምሮ የትኞቹ ዓይነቶች እንደተፈለጉ ተገልጾ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተመርምሮ በመሸኛ ሰነዱ ላይ ሊሰፍር ይገባል። እንዲህ ሲሆን በአገር ቤት ክትትሉን የሚረከበው ሐኪም መጠኑን የሚወስነው የሁለቱንም ሰዎች ዘረመል አውቆ ይሆናል።